ጢስ የጠጣ ጊታር

ከትናንት ወዲያ አንድ ወጣት ከሸዋ ቤንች በሚኒባስ መጣና በማዳበሪያ የተጠቀለለ ኤሌክትሪክ ጊታር ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመልኝ።

"ጋሼ፣ ዝዝዝ እያለ አስቸገረኝ" አለ።

ማዳበሪያውን ገና አልፈታሁትም። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት።

"ቆጥ ላይ ስንት ቀን ቆየ?"

ልጁ ደነገጠ። "ኧረ ጋሼ! ሳጥኑ ውስጥ ነው የኖረው።"

"ሳጥን ኮረሪማ ኮረሪማ አይሸትም የኔ ወንድም።"

ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከፈለጋችሁ ማሻንም ጨምሩበት፣ ጊታር በአፍንጫው የሚመረምር ሰው ከኔ ሌላ ካገኛችሁ ሱቄን ከነቁልፉ እሰጣችኋለሁ። ሐኪም እንኳን ልብስ አስወልቆ ነው የሚያየው፤ እኔ ከነማዳበሪያው ነው። ማን አስተማረህ ሲሉኝ "ራሴው" እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ትምህርት ቤት አልገባሁበትም። ግን ከታሪኩ አንድ ክረምት እቀንሳለሁ። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬን ስላለቀቀኝ እሱንም ልንገራችሁ።

አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ስድስተኛን የምጠብቅበት ክረምት ነው። የሚዛንን ክረምት የማያውቅ ሰው ዝናብ አውቃለሁ አይበል። ማታ ያወለቅከው ቀበቶ ጠዋት ጢም አብቅሎ ታገኘዋለህ። ደብተር ያብጣል፣ በር አልዘጋ ይላል፣ ጨው ውሃ ይሆናል። በዚያ ክረምት ነው እንግዲህ ለቸርቻችን መዘምራን ጊታር ከአዲስ አበባ በቡና መኪና የመጣው። ቀይ! እንደ በሰለ ቡና የቀላ። ጥቁር ሳጥን ነበረው፣ ውስጡ ደግሞ እንደ ድመት ሆድ የለሰለሰ።

የቸርቻችን ጣሪያ ልክ መድረኩ ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ጊታሩ እኛ ቤት ይደር ተባለ፤ አባዬ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፣ ቤታችንም ቅርብ ነው። ቅዳሜ ለልምምድ፣ እሁድ ለአምልኮ ተሸክሞ የሚወስደውና የሚመልሰው ደግሞ... ማን ይመስላችኋል? ሳጥኑ ከኔ ይረዝም ነበር። ከሩቅ ያየኝ ሰው ሳጥኑ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። እኔ ግን የከተማው ከንቲባ ነኝ! የሰፈር ልጆች "አንዴ ብቻ እንንካው" ሲሉኝ "እጃችሁን ታጠቡ" እላቸዋለሁ። ታጥበው ሲመጡም አላስነካም።

ተጫዋቹ ጋሽ ደምሴ ነበር። የእርሻ መኪኖች ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ የማይጠፋ፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው። ድሮ ቴፒ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ሲጫወት ኖሯል። ሲጠጣም ኖሯል፤ ያውም እንደ ዋዛ አይደለም። ከተወ ዓመት ሆኖታል። ቢሆንም መድረክ ላይ ይውጣ ሲባል ከሽማግሌዎቹ ገሚሱ አጉረመረሙ። በተለይ አቶ ማሞ፣ "የጠጅ ቤት ጣት በአንድ ዓመት አይፀዳም" አሉ። በመጨረሻ አባዬ ተነሳና "ዋስ እሆነዋለሁ። እስከ ኮንፈረንሱ እንየው" አለ። የቴፒና የማሻ ምዕመናን የሚመጡበት ትልቅ ስብሰባ ወር ቀርቶት ነበር።

ዋስ የሚለውን ነገር ግን አልወደድኩትም። ምክንያት አለኝ። ጎረቤታችን ለወንድማቸው ልጅ ዋስ ሆነው ልጁ ሲጠፋ፣ ፖሊስ መጥቶ እሳቸውን ይዟቸው ሲሄድ በአይኔ አይቻለሁ፤ በነጠላ ጫማቸው። ስለዚህ ለኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ጋሽ ደምሴ ከጠጣ አባዬ ይታሰራል። ይህንን ማንንም አልጠየቅኩም። የሚታወቅ ነገር ይጠየቃል እንዴ?

በሁለተኛው ሳምንት ሳጥኑን ስከፍት ቀዩ ጊታር አንገቱ ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። በእጅጌዬ ጠረግኩት። ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ይዞት ገና እንደጀመረ ፊቱን አጨማደደ።

"ክሩ ሰማይ ወጣ እኮ! ለመጫን ጉልበት ጨረሰብኝ። እርጥበት አግኝቶታል። አንተ፣ ደረቅ ቦታ ነው የምታስቀምጠው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እርጥበት ጠላቱ ነው። እሺ?"

እርጥበት ጠላቱ ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል? በእኛ ቤት ከእርጥበት የሚድን ነገር ሁሉ ቦታው አንድ ነው። እማዬ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ፣ ኮረሪማውን፣ የአባዬን የእሁድ ጫማ ሳይቀር ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ነበር የምትሰቅለው። እሳቱ ከሥር ይነዳል፣ ጢሱ ያልፍበታል፣ ሻጋታም ነቀዝም ድርሽ አይልም። ቆጥ ላይ የሚወጣው ደግሞ እኔ ነኝ። እናም እሁድ ከአምልኮ ስንመለስ ባዶውን ሳጥን አልጋ ሥር ዘጋሁት። ጊታሩን በጆንያ ጠቅልዬ በቆሎውና ኮረሪማው መሀል፣ ጥግ ላይ አስተኛሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ጎበዝ ሥራውን እንጂ ወሬውን ያበዛል እንዴ? (ዛሬ አበዛለሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩ።)

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ አንዴ ነካ ነካ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

"እንዴት ለሰለሰ በናትህ! ክሩ ወርዶልኛል። ምን አደረግከው?"

"ደረቅ ቦታ አስቀመጥኩት ጋሼ።"

"ጎበዝ!"

ጎበዝ! ቤቴ እስክደርስ መሬት አልረገጥኩም። ያን ሳምንት ጊታሩን ትንሽ ወደ እሳቱ አስጠጋሁት። ይበልጥ ጎበዝ ልሁና።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምዱ በዝናብ ቀረ፤ እሁድ መጣ። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ጄኔሬተሩ ውጭ ይንደቀደቃል፣ ጋሽ ደምሴ ክሩን ሲመታ ስፒከሩ ውስጥ፣ "ዝዝዝዝ!" አለ። አንዴ አይደለም። ጣቱን አንገቱ ላይ በብረት ወደተከፋፈሉት ላይኞቹ ቤቶች፣ ወደ ክር ማጥበቂያ ቁልፎቹ አካባቢ በወሰደ ቁጥር፣ ዝዝዝ። መዘምራኑ ተያዩ። ጋሽ ደምሴ ጠበቅ አድርጎ ተጫነ፤ ባሰ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየሁት። እኔ ወዲያው ምክንያቱን አወቅኩ፦ ንብ ገብታበታለች።

አትሳቁ! የቤታችንን ምሰሶ እየቦረቦረች የምትኖር ጥቁር ንብ ነበረች። ድምጿ እሱ ራሱ ነው፣ ዝዝዝ። ጊታሩ ደግሞ ጎኑ ላይ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። ንብ እንጨት ትወዳለች፣ ቀዳዳ ትወዳለች። ገባች። በቃ።

አቶ ማሞ ግን የገባቸው ሌላ ነው። ከፊቴ ተቀምጠው ወደ አባዬ ጆሮ ጠጋ አሉ።

"እጁን አየኸው? ይንቀጠቀጣል።"

"ኧረ አቶ ማሞ፣ ጊታሩ ይሆናል።"

"ጊታሩ አዲስ ነው ወንድሜ። ያረጀው ሰውየው ነው። ሰሞኑን ጠጅ ቤቱ በር ላይ ያየው ሰው አለ።"

"ጋራዡ እኮ የጠጅ ቤቱ ጎረቤት ነው! በየት ይለፍ?"

አቶ ማሞ ከንፈራቸውን መጠጡ። አባዬ አጎነበሰ። እኔ የአባዬን እግር አየሁ፤ ነጠላ ጫማ አላደረገም ገና።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እጅ ሳስታጥብ ሰማሁ። በዚህ እሁድ፣ በኮንፈረንሱ፣ እንደዚያ የሚያንዘፈዝፈው ከሆነ ከመድረክ ይወርዳል፤ ከዚያም በጉባኤ ፊት ይጠየቃል። "የቴፒ ሰዎች ድሮውንም ያውቁታል" አሉ አቶ ማሞ፣ "መሳቂያ ልንሆን ነው።" አባዬ ብዙም አልተናገረም። "ዋሱ እኔ ነኝ። የሚመጣውን እቀበላለሁ" ብቻ አለ። አባዬ እስር ቤት ሲገባ ታየኝ። ምሳ የማመላልሰውም እኔው ነኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ንቧ መውጣት አለባት። ንብ በምን ይወጣል? ይሄንን ቤንች ውስጥ ያደገ ሕፃን ያውቀዋል። በጢስ! ማር ቆራጭ ዛፍ ላይ ሲወጣ ምን ይዞ ነው የሚወጣው? እማዬ ገበያ ስትወጣ እሳቱ ላይ እርጥብ ቅጠል ጨመርኩበት። ጊታሩን ከጆንያው አውጥቼ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጌ፣ ጢሱ መሀል አንጠለጠልኩት። ዓርብም ደገምኩት። አይኔ እስኪፈስ አጨስኩት። ንብ ግን አንድም አልወጣችም። ሞታ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ የቸርቹን ቆርቆሮ ይደበድባል። አባዬና አቶ ማሞ ሊሰሙ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደምሴ ሳጥኑን ከፈተ። ከዚያ ጊታሩን አነሳና አንገቱ ላይ እጁን ሲያሳልፍ "አህ!" ብሎ ጣቱን ሳበ። ደም። እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቦ፣ አንገቱን የሚከፋፍሉት ቀጫጭን ብረቶች ጫፋቸው በጎን ወጥቷል፤ እንደ ሚስማር። ክሩን መታ። አሁንማ ዝዝዝም የለም፣ "ጥጥ" ብቻ ነው፤ ክሩ ብረቶቹ ላይ ተኝቶባቸዋል።

አቶ ማሞ ሳል ቢጤ ሳሉ።

ጋሽ ደምሴ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ደግፎ፣ አንድ አይኑን ጨፍኖ በአንገቱ ላይ አነጣጠረ። ጫፉ ወደኔ ነው። ሊተኩስብኝ መሰለኝ።

"አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል" አለ። "ሙቀት አግኝቶታል።"

"በዚህ ዝናብ? ሙቀት?" አቶ ማሞ ሳቁ። "ወንድም ደምሴ፣ ሰበብ አይጠፋም።"

አባዬ ወደኔ ዞረ። "አንተ፣ ጊታሩ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ሳ... ሳጥኑ ውስጥ።"

"ልጄ አይዋሽም" አለ አባዬ፣ በሐዘን፤ ለአቶ ማሞ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል።

የዚያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ጥፍሩን ከክሮቹ ሥር ሰደድ አድርጎ አንድ ነገር ለቅሞ አወጣ። የኮረሪማ ልጣጭ ናት። ልጣጯን አያት። እኔን አየኝ። ከዚያ ኪሱ ከተታት። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ልክ ናችሁ፣ ነገ እናያለን" ብቻ አላቸው። አባዬና አቶ ማሞ ጃንጥላ ተጋርተው ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። ጋሽ ደምሴ የመሣሪያ ቦርሳውን ፈታ። ካቻቢቴ፣ ብሎን የሚያዞሩ ትንንሽ ብሩጎላዎች፣ ሞረድ፣ የብረት ማስመሪያ።

"ያዝልኝ" አለ ማስመሪያውን እየሰጠኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል።

"ምን ሆንክ? ጠጣህ እንዴ?"

ፈነዳሁ። አለቀስኩ፣ ንቧን ነገርኩት፣ ቆጡን ነገርኩት፣ ቅጠሉን ነገርኩት፣ አባዬ እንደሚታሰርም ነገርኩት። በመጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ። ከዚያ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተደፋ፤ ያንን ሰው ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

"ንብ በጢስ! እሺ፣ ነይ ንቢቱ፣ ሥራ እንሥራ።"

ማስመሪያውን አንገቱ ላይ አጋደመው። ወዲህና ወዲያ ተወዛወዘ።

"መሃሉ አብጧል፣ አየህ? ክር ሲመታ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። መወዛወዣ ቦታ ከሌለው ብረት ይነካል፤ ንብህ ያቺ ናት። አንገቱ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጎድጎድ ማለት አለበት።" ብሩጎላውን አንገቱ ጫፍ ባለች ቀዳዳ አስገባ። ውስጡ አንገቱን የሚያቀና የተቀበረ የብረት ዘንግ አለ። ወደ ግራ አዞረው፣ "ቅጭ!" አለ። ዘለልኩ።

"ተሰበረ?"

"አልተሰበረም። ሩብ ዙር። ከዚያ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።"

"ለምን?"

"እንጨት ነዋ። የነገርከውን ወዲያው አይሰማም። እንደ አንዳንድ ልጅ።"

ጠበቅን። ዝናቡን ሰማን። ክሮቹን ቃኘ፣ አንዱን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ብረት ላይ ተጭኖ "መሃሉ ላይ የደብተር ሽፋን ብጣሽ ይገባል?" አለኝ። አልገባም። ሌላ ሩብ ዙር። እንደገና ጠበቅን። በሦስተኛው ብጣሿ ሾለከች። ከዚያ ክሮቹ ጭራቸው ላይ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች በደቃቃው ብሩጎላ ከፍ አደረጋቸው፤ ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በየቤቱ እየተጫነ ሲመታ "ጆሮህን አምጣ" አለኝ። ሦስተኛው ክር፣ አምስተኛው ብረት አካባቢ፣ ዝዝ! ከሱ ቀድሜ ሰማሁት። አዎ ቀድሜ! እሱ ራሱ መስክሯል። አንዷ ብረት ከጓደኞቿ ቀና ብላ ነበር። እንጨቱ እንዳይጫር ግራና ቀኟን ፕላስተር ለጥፎ፣ በሞረድ ሁለቴ ብቻ አሻሻት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሳት። የሾሉትን ጫፎችም ሞረዳቸው። ድምፁ ጠራ። ውሃ ሆነ።

ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ሲያስተኛው "ይሄንን እኔ አስተካከልኩ" አለኝ። "አባትህን ግን አንተ ነህ የምታስተካክለው። እኔ አልናገርም።"

እሺ አልኩ። ግን ለአባዬ አልነገርኩትም። ጊታሩ ጠርቷል አይደል? ነገ ጥሩ ይጫወታል፣ አባዬ አይታሰርም፣ ለምን ራሴን ላስገርፍ? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ብልጥ ነበርኩ፤ ጉዱ እሱ ነው።

እሁድ ቸርቹ ጢም አለ። የቴፒ ሰዎች ጭቃቸውን እያራገፉ ገቡ፣ የማሻ ሰዎች በጋቢ ተጠቅልለው። ጋሽ ደምሴ ክሩን ሲመታ ትንፋሼን ያዝኩ። ጠራ! ከላይ እስከ ታች አንዲት ዝዝ የለችም። እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔም ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ አቶ ማሞ ወደ አባዬ ጠጋ አሉ።

"አየኸው? ዛሬ ስላልጠጣ እኮ ነው። ያን እሁድ ግን እንግዲህ ምን ነበር? ራሱ መሰከረ።"

አባዬ አንገቱን ደፋ። ያ የጠራ ድምፅ፣ በገዛ እጄ ይዤ ያስተካከልኩት፣ በጋሽ ደምሴ ላይ አባሰበት! ዝዝ ቢል ጠጥቷል፤ ዝም ቢል ያኔ ጠጥቶ ነበር። ከዚህ በብሩጎላ አይወጣም።

መሪው "ምስክርነት ያለው ሰው?" ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ሲባል ከሕመም የዳነ፣ ልጅ የወለደች፣ ፈተና ያለፈ ወጥቶ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። እግሬ ተነሳ። እኔ አላዘዝኩትም። መሪው ማይኩን ዝቅ አደረገልኝ። "እግዚአብሔር ምን አደረገልህ የኔ ልጅ?"

"ጊታሩን ያጨስኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

አንዲት ሴት ከልምድ "አሜን!" አለች።

"ቆጥ ላይ ከኮረሪማ ጋር አስቀመጥኩት። ከዚያ ንብ የገባበት መስሎኝ አጨስኩት። ጋሽ ደምሴ አልጠጣም። የጠጣው ጊታሩ ነው፣ ጢስ። ሳጥን ውስጥ ነው ያልኩት ውሸት ነው።" ከዚያ ወደ አባዬ ዞሬ "አባዬ፣ አትታሰርም አይደል?" አልኩ፤ በማይክ።

አባዬ ተነስቶ ወደ መድረኩ ወጣ። መጣ፣ ሊመታኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልፎኝ ሄደ። ጊታሩን ከጋሽ ደምሴ ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ አሸተተ። ወርዶ ለአቶ ማሞ አቀበላቸው። አቶ ማሞ በሦስት ከተማ ሕዝብ ፊት ጊታር አሸተቱ። ፊታቸው እንደ ጊታሩ ቀላ።

"ኮረሪማ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ወንድም ደምሴ፣ ይቅር በለኝ።"

አባዬ ማይኩን ያዘ። "ለዚህ ሰው ዋስ ሆኜ ነበር" አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ "እሱ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ልጄ ነው። ትናንት አይዋሽም ብዬለት ነበር። ለሱ ማን ዋስ ይሁነው?"

ማንም አልተነሳም። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ መጣ። ያን ግሪስ ያለበት እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ ጣቱ ላይ የቅዳሜው ቁስል አለ።

"እኔ እሆነዋለሁ" አለ።

ሳቅና እልልታ ተደበላለቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሌላ ሒሳብ ይዞኛል። ከአሁን ወዲያ ጊታር እሳት ዳር ካስቀመጥኩ፣ ወይም ከዋሸሁ፣ ፖሊስ ጋሽ ደምሴን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው፣ በነጠላ ጫማ።

ከትናንት ወዲያ ይህንኑ ለሸዋ ቤንቹ ልጅ ስነግረው፣ እዚህ ላይ ስደርስ አንገቱን ደፍቶ "ሁለት ሳምንት ነው ጋሼ፣ ቆጡ ላይ" አለኝ። ብሩጎላውን አስገባሁ። ሩብ ዙር አዞርኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ስለ ጊታር ብዙ እፎክራለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። በእሳት ነገር ግን እስከ ዛሬ አልቀለድኩም። ጋሽ ደምሴ እንዳይታሰርብኝ።